በሯን አልፈው የወጡት ሽማግሌዎች

ሚክላት ውስጥ ዘፈን ይቀዳል ሲባል ሰምታችሁ ብትስቁ አይፈረድባችሁም። ሚክላት ሮኬት ሲመጣ ሰው የሚሸሸግበት የምድር ቤት እንጂ የዘፈን ቤት አይደለም። ራፐሯ ኦድያ ግን ምን ታድርግ? አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ አሌፍ በሚባል ሰፈር ያለው የነሱ ህንፃ ያረጀ ነው፤ ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ አንዱ ቤት ሲያስነጥስ ሌላው ቤት «ይማርህ» ይላል። ድምፅ የማያስወጣው ምድር ቤቱ ብቻ ነው። እናም የተጣለ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ማይክሮፎኗን ከቧንቧው ላይ አንጠልጥላ፣ ሁለት ሚክስቴፕ፣ ማለትም የዘፈን ስብስብ፣ እዚያው ወልዳ አሳድጋለች።

የመጀመሪያው «ከምድር በታች» ይባላል፤ ብቻዋን ነው የሠራችው። በሁለተኛው ላይ ሪታል የምትባል የሞሮኮ ዘር ያላት ልጅ አብራት አዜመች፣ አንድ የጆርጂያ ልጅ ደግሞ ከበሮ መታላት። ያን ጊዜ ሚክላቱ ሞቅ ብሎ ነበር። ግን እናንተዬ፣ የዘፈን ወዳጅነት እንዲህ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ሰዉም ያልቃል። ሪታል ቴል አቪቭ ገባች፣ ከበሮ መቺው አገባ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው በስልክ የሚላክ የልብ ሥዕል ሆኖ ቀረ።

ቀን ቀን ማሪና በሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ላይ፣ ጋቢ በሚባል ሰው ካፌ ታስተናግዳለች። ዘፈኗን በስልካቸው የሚሰሙ ልጆች ሳይቀሩ ፊቷን ቀና ብለው ሳያዩ «ሁለት ሎሚናዳ» ይሏታል። ድምፅሽን ዓለም ሁሉ እያወቀው አንቺን የሚያውቅሽ ሲጠፋ፣ ያ ብቸኝነት ጣዕሙ ሌላ ነው። ያልቀመሰው አያውቀውም።

ናዖር የሚባለው ልጅ የመጣው በአዛካ ነው። አዛካው፣ ማለትም የማስጠንቀቂያው ጩኸት፣ ከተማውን ሲያናውጠው ኦድያ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍና ምንም አልሰማችም፤ ዐይኗን ጨፍና በሙሉ ድምፅዋ ራፕ ታደርጋለች። በሩ ተበረገደ። አንድ ረጅም ልጅ አክስቱን እማማ ሰብለወርቅን፣ ከኦድያ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ። ባሕሩ በኩል ጓ! ሲል ሁሉም ዝም አሉ። ልጁ ግን ፍርሃቱን ረስቶ ከማዳመጫው የሚወጣውን እየሰማ ነበር።

«ይቺ ከበሮ ታነክሳለች» አላት።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ወጌሻ ነኝ።»

እማማ ሰብሌ እቅፉ ውስጥ ሆነው ሳቁ። ኦድያም ሳቀች፤ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ናዖር የሚኖረው ክርያት ጋት የምትባል ሌላ ከተማ ነው። ቀን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ማታ በማዳመጫ ተሸሽጎ ቢት፣ ማለትም የራፕ ምት፣ የሚሠራ። የተሸሸገውም ያለ ምክንያት አይደለም። አባቱ አባ ዘገዬ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ ሰው ቆሞ የሚያሳልፋቸው ትልቅ ሰው ናቸው። «አዝማሪ ከቤቴ አይገባም» ሲሉ ኖረዋል። ኦድያ ደግሞ እናቷ አትክልት ሃኪርያ በሚባለው ሰፈር ቢሮ የምታጸዳ፣ የድሃ ልጅ፣ ያውም ራፐር!

ያም ሆኖ ሦስተኛውን ሚክስቴፕ ለሁለት ጀመሩት። እሷ ግጥሟን በዋትሳፕ በድምፅ ትልካለች፣ እሱ ከበሮና ክራር አልብሶ ይመልሳል። ከፑሪም በዓል በኋላ አንድ ቀን ማሪና ድረስ መጣ። ሽርጧን እንደታጠቀች አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለአባቴ ነገርኩት» አላት።

«ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ዝም አለ። ቆይቶ 'ከፋሲካ በኋላ አምጣትና ልያት' አለኝ።»

«ይሄ እሺ ነው እምቢ?»

«ይሄ 'ልያት' ነው!»

ተሳሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ዐይኑን ዐይኗ ላይ ጥሎ ቀረ። ኦድያ ማይክሮፎን ፊት ቆማ የማታፍር ልጅ፣ ያን ጊዜ መሬት መሬት አየች። የዚያን ዕለት ማታ አውቶቡስ ላይ ሆና ደስታዋን የምትነግረው ሰው ፈልጋ ስልኳን ብታገላብጥ፣ ከሱ ከራሱ በቀር ማንም አልነበራትም።

*

ጥቂት ቀን አለፈና ከናዖር ይህ መልእክት መጣ።

«ኦድያ፣ ለጊዜው ምንም ሙዚቃ አትላኪልኝ። አልሰማም። ምክንያቱን ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ፣ እስከዚያ አትጠይቂኝ።»

ጠየቀች እንጂ! «ምን ሆነህ?» አለች። «አለሁ» ብሎ ብቻ መለሰ። «አባትህ ናቸው?» አለች። አነበበው፤ አልመለሰም። ግጥም ላከች። በዋትሳፕ የተላከ ድምፅ ሲደመጥ አጠገቡ ያለችው ትንሽ ማይክሮፎን ሰማያዊ ትሆናለች። አልሆነችም። ሌላ ላከች፤ አልሆነችም። ፋሲካ ገባ፣ ፋሲካ ወጣ፤ «አምጣትና ልያት» የተባለላት ልጅ ስልኳን ታቅፋ ትንሿን ማይክሮፎን ስታይ ከረመች።

በዚያው ሰሞን እማማ ሰብሌ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ከሆስፒታል ወጥተው ነበር። ሐኪሞቹ «ድንጋጤ እንዳይነካቸው» ብለዋል። ኦድያ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ወጥታ መድኃኒታቸውን ታቀብላለች፤ እናቷ አትክልትም ሾርባ ይዛ ትመጣለች።

«አንቺ ልጅ» አሉ እማማ ሰብሌ አንድ ጠዋት፣ «ወንድሜ ዘገዬን ምን ነካው? የኔ ልብ ተቀዶ ተሰፍቶ 'እንዴት ነሽ' አይለኝም?»

«ስልካቸው ተበላሽቶ ነው» አለች አትክልት ቶሎ ብላ።

«የዚያ ቤት ወንዶች ስልካቸው አንድ ላይ ነው የሚበላሸው፣ እማማ» አለች ኦድያ። «ልጁም እንደ አባቱ ነው።»

ማንኪያው ከአትክልት እጅ ወደቀ። «ዝም በይ!» አለቻት። ደረጃው ላይ ሲወርዱ ኦድያ የእናቷን እጅ ያዘች።

«ኢማ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ያንን ልጅ ለጊዜው ተይው።»

«ለምን? አባቱ ትልቅ ሰው ስለሆኑ? እኛ ወለል አጣቢ ስለሆንን?»

«ሆድ ይፍጀው ልጄ፣ ይገባሻል» አለችና ወደ አውቶቡሷ ሄደች። ኦድያም ገባኝ ብላ ደመደመች። አባትየው እምቢ ብለዋል፤ ልጁም ፈርቶ ዝም ብሏል፤ እናቷም ሰምታ ደብቃታለች። በቃ!

ያን ቀን ሚክላት ወርዳ በሩን ዘጋች። ናዖር ራሱ በላከላት ቢት ላይ፣ በዚያችው ወጌሻዋ ባቀናት ከበሮ ላይ፣ በንዴት የመጣላትን ሁሉ ለቀቀችው። አብዛኛው በዕብራይስጥ ነው፤ ማሰሪያው ግን በአማርኛ፣ በደንብ እንዲያመው፦

ወንድ ነኝ አትበለኝ፣ ደጄንም አትርገጥ፣
ከአባትህ ጉያ ስር ገብተህ ተቀመጥ።

ለሁለት የታሰበውን ሦስተኛ ሚክስቴፕ በስሟ ብቻ አወጣችው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ዘፈኑ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። የሮቫ አሌፍ ልጆች አውቶቡስ ላይ እያጨበጨቡ ይሉታል። ጋቢ አማርኛ አንድ ቃል ሳይገባው ካፌው ውስጥ ይከፍተዋል። ኦድያ ከዚያ በፊት እንዲህ ተሰምታ አታውቅም። ሳህን ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሃል ስታልፍ የራሷ ድምፅ ከኋላዋ ይከተላታል፤ ያን ያህል ሰው ሲሰማት እሱ ብቻ አለመስማቱ ደረቷን ቁልቁል ይጎትተዋል።

*

ሻቩዖት የሚባለው በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ኦድያ በኮቴ ነቃች።

ደረጃው ላይ ብዙ ሰው እየወጣ ነው። የብዙ ሰው ጫማ፣ ወሬ ግን የለም። በበሩ ቀዳዳ ላይ ዐይኗን ብታስጠጋ መጀመሪያ ያየችው ነጭ ጋቢ ነው። ከጋቢው በላይ አባ አምባቸው፣ የአሽዶድ ሽማግሌዎች ሁሉ የሚከተሏቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች። ከነሱም ኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ ጺሙ አድጎ፣ ናዖር!

የማን ልብ ይህን ይችላል? ሽማግሌ በማለዳ፣ በሰልፍ፣ ልጁን አስከትሎ፤ የጎንደር ልጅ ይህንን ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። መጣ! አባቱን ለምኖ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ በወጉ ሊጠይቀኝ መጣ! «ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ» ያለኝ ለካ ይሄንን ነበር! ኦድያ ወደ መስታወቱ ሮጠች። ጸጉሯን በእጇ አበጠረች፣ ቀሚስ ፈለገች፣ አንዱን አወለቀች አንዱን አጠለቀች። በዚያ መሃል ዘፈኑ ትዝ አላትና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ወይኔ ጉዴ! ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለዋለሁ» እያለች «ኢማ! ኢማ ተነሽ!» ብላ የእናቷን ክፍል ከፈተች።

አልጋው ተነጥፏል። አትክልት የለችም።

ኮቴው በራቸው ላይ ደረሰ። ኦድያ እጇን እጀታው ላይ አድርጋ እስኪያንኳኩ ጠበቀች።

አላንኳኩም። ኮቴው አለፈ። ወደ ላይ ቀጠለ።

በሩን ስትከፍተው በሰልፉ መጨረሻ ያለች አንዲት ሴት የደረጃውን ጥግ ስታልፍ አየች፤ ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃ የለበሰች፤ እናቷ አትክልት ናት። ናዖር ከላይኛው ደረጃ ዞሮ ቁልቁል አያት። አዲሱን ቀሚሷን፣ የተበጠረ ጸጉሯን፣ ተስፋ ያበራውን ፊቷን አየ። ምን እንዳሰበች ገባው። ያ እይታ! ሰው እንዲህ አዝኖ ሲያያት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ዞረና ወጣ።

ላይ ቤት በሩ ተንኳኳ፣ ተከፈተ። «ማነው? ማን ነው የሞተብኝ? ንገሩኝ እንጂ!» የሚል የእማማ ሰብሌ ድምፅ። የአባ አምባቸው ጉርምርምታ። ከዚያ ህንፃውን ከላይ እስከ ታች የሰነጠቀ ጩኸት፦

«ወንድሜን! ዘገዬን! ወንድም ዓለሜን!»

ኦድያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ልብሷ ሁሉ አሳፈራት።

*

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባ ዘገዬ ከፋሲካ በፊት ድንገት አርፈዋል። እህታቸው ግን ልባቸው ገና ተሰፍቶ ስለነበር፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ መርዶው እንዲዘገይ ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። አትክልት «ሰርግ ልሄድ» ብላ ቀብሩ ላይ ውላ ዐይኗ አብጦ የተመለሰች ቀን፣ ኦድያ ስልኳን ስታይ ልብ አላለችም። ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ ሁሉም አፉን ያዘ። ወላጅ የሞተበት ልጅ ደግሞ በአይሁድ ሃይማኖት ዓመት ሙሉ ዘፈን አይሰማም። ናዖር ያንኑ ብቻ ነው ያላት፤ «አልሰማም» ነው ያላት።

ረፋዱ ላይ ቤቱ በሰው ሞላ። የሃይማኖት አባቱ ራቩ መጥቶ «ዜናው ከዘገየ ለእህት የአንድ ሰዓት ሐዘን ይበቃል» ቢልም የጎንደር ልቅሶ በሰዓት ይለካል እንዴ? ፕላስቲክ ወንበር መንገድ ላይ ተደረደረ፣ ንፍሮ መጣ። ኦድያ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ጓዳ ገብታ ብርጭቆ ስታጥብ ዋለች፤ ፊቷን ለሰው ማሳየት አልቻለችም። ናዖር ውጪ፣ ከወንዶቹ ጋር ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል።

ያን ጊዜ ነው መኪናው የመጣው። የሰፈር ልጆች ናቸው፤ መስኮቱን ከፍተው፣ ድምፁን የመጨረሻ አድርገው። ልቅሶ መኖሩን አላዩም።

«ከአባትህ ጉያ ስር ገብተህ ተቀመጥ!»

ኦድያ ብርጭቆውን ጥላ ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። «አጥፉት! አጥፉት ብያለሁ!» እያለች መኪናውን በእጇ ደበደበች። ልጆቹ ሲያዩዋት አበዱ። «ኦድያ! ማልካ! ንግሥታችን!» ብለው ጭራሽ ድምፁን ጨመሩት፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻት ጀመር። እጇን በመስኮቱ አስገብታ ራሷ አጠፋችው። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። ዞር ብትል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያይዋታል። ናዖር ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

ምንም ሳይል ወደ ህንፃው ገባ። ተከተለችው። ሚክላቱ በር አጠገብ፣ ደረጃው ስር ደረሰችበት።

«ሰማኸው?»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። እኔ ከሰፈሩ የተለየ ጆሮ የለኝም።»

«ናዖር፣ ማረፋቸውን ባውቅ ምላሴን እቆርጠው ነበር!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቃል! አንዲት ቃል!»

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ ኦድያ? አንቺ በየጠዋቱ አክስቴ አልጋ አጠገብ ትቀመጫለሽ። ብነግርሽ ፊትሽ ይነግራቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ከሁሉ በፊት ያስማሉኝ 'ያቺ ልጅ እንዳትሰማ' ብለው ነው።»

«ያቺ ልጅ» አለች ኦድያ፤ እንባዋ መጣ። «እናቴ ታውቃለች። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። መድኃኒት የማቀብላቸው እኔ ብቻ አላውቅም። ሁላችሁም አብራችሁ አዘናችሁ፣ አብራችሁ ደበቃችሁ፣ እኔ ብቻዬን ውጪ ቀረሁ። ለመዋሸት እንኳ የማልታመን ሰው ነኝ?»

ናዖር ግድግዳውን ተደገፈ። «ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ ያልኩሽ ጠብቂኝ ማለቴ ነበር።»

«ጠብቂኝ አላልከኝም። አትላኪልኝ ነው ያልከኝ።»

«ግጥሞችሽ ስልኬ ላይ አሉ» አለ። «ሁሉም። ጣቴን አስጠግቼ እመልሳለሁ። አባቴን ባጣሁበት ሰሞን ያንቺን ድምፅ ያህል የናፈቀኝ ነገር የለም፤ ግን አልከፈትኩትም፣ ለሱ ስል። ዓመቱ እስኪሞላ ላልሰማ ነበር። ዛሬ ግን ሰማሁ። ያውም በራሴ ቢት ላይ።»

ኦድያ ራፐር ናት፤ ሰው በቃል ሲመታት በሁለት መምታት የለመደች። የዚያን ጊዜ ግን ክንዱን ልትነካው እጇን ዘርግታ፣ ፈርታ መለሰችው። እሱም የተመለሰውን እጅ አየው። በዚያች ጠባብ ደረጃ ስር እንደዚያ ተቀራርበው፣ እንደዚያ ተራርቀው አያውቁም።

*

«ያቺ አፈኛ ልጄ የት አለች?»

እማማ ሰብሌ ናቸው። ልብሳቸው ደረታቸው ላይ ተቀድዷል፤ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ዙሪያቸውን ደረታቸውን እየመቱ አንድ አንድ ስንኝ ያወርዳሉ። ወንዶቹም ገብተው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ናዖር በሩ አጠገብ።

«ኦድያ፣ ነይ። ለዓለም ሁሉ ትናገሪያለሽ አሉ። ለወንድሜ አንድ ነገር በይለት።»

እማማ ሰብሌ ዘፈኑን አያውቁትም፤ ሌላው ሁሉ ግን ያውቀዋል። ወጣቶቹ ሴቶች ተያዩ። አትክልት እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሰደበቻቸውን ሰው፣ በልጃቸው ፊት፣ አልቅሺላቸው ተባለች። መሸሽ ትችል ነበር፤ «አማርኛዬ ደካማ ነው እማማ» ብትል የሚፈርድባት የለም። እውነትም ነው፤ አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ ነው። ግን ዛሬ ከሸሸች ናዖርን ዳግም ቀና ብላ እንደማታየው አወቀች። መሃል ቤቱ ላይ ተንበረከከች። ቢት የለም፣ ማይክሮፎን የለም። ደረት የሚመታ እጅ ብቻ።

ድምፅዋን አወጣች፦

ደጅዎን ሳልረግጥ፣ ሳላውቅ መልክዎን፣
በአፌ አቆሰልኩት አንድያ ልጅዎን።

«ወይ ልጄን!» አሉ አባ አምባቸው። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ኦድያ ዐይኗን ጨፈነች።

ልጅዎ ሽማግሌ ላከልኝ ስል፣
መርዶ ኖሯል ለካ ደጃፌን የሚዘል።

ማለዳ ከበሯ ኋላ የሆነችውን፣ ለማንም የማትናገረውን፣ በሕዝብ ፊት ተናገረችው። አትክልት ልጇ ምን አስባ እንደለበሰች ያን ጊዜ ገባትና ጮክ ብላ አለቀሰች። ኦድያ ግን አልጨረሰችም። ዐይኗን ገልጣ ናዖርን አየችው፤ ቃሉ ግን ለሟቹ ነበር፦

እሺም ሳይሉኝ ቀሩ፣ እምቢም አላሉኝ፣
መልስዎን ይዘውት አፈር ለበሱብኝ።

ያን ጊዜ ቤቱ ተነቃነቀ። ቀብሩ ላይ ሰው ሲያጽናና የዋለው ናዖር ግድግዳው ስር ቁልቁል ተንሸራቶ ተቀመጠ፤ ፊቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀብሮ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። ማንም «ተው» አላለውም። እማማ ሰብሌ የኦድያን እጅ ጎተቱ።

«እዚህ ተቀመጪ» አሏት ፍራሹን እየነኩ። «እዚህ፣ ከኛ ጋር።»

ተቀመጠች። ሐዘንተኛ ከሚቀመጥበት ፍራሽ ጫፍ ላይ፣ በስም ብቻ ለምታውቃቸው ሰው ሐዘንተኛ ሆና ተቀመጠች። አመሻሹ ላይ ናዖር ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ፤ ዐይኑ ቀልቷል። አያት፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳት፣ ሄደ። ይቅር ማለት ይሁን ስንብት ይሁን አላወቀችም፤ አለማወቁ ሌሊቱን ሙሉ ደረቷ ላይ ተኛ።

*

ዘፈኑን በማግስቱ ከኢንተርኔት አጠፋችው። ሚክስቴፑንም ጨምራ። ጋቢ «አብደሻል? እንጀራሽን?» ብሎ ጮኸባት። የሚከተሏት ልጆችም «ፈራች» ብለው ጥለዋት ሄዱ። የሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ግን ማን ያወጣዋል? አልፎ አልፎ ከመኪና መስኮት ስትሰማው አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሚክላት አልወረደችም። ምን ልትቀዳ? ለማን ልትልክ?

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማሪናው ጥግ ጀልባዎቹ በሚታሰሩበት ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ብልጭ አለ።

«ዘፈን ነው እንጂ ንግግር አልተከለከለም። ብትደውዪልኝ አነሳለሁ።»

ወዲያው ደወለች። አንዴ ሳይጮህ አነሳው።

«ሃሎ» አለ።

«ሃሎ» አለች። የጀልባዎቹ ገመድ ሲንቋቋ፣ የሱም ትንፋሽ በስልኩ ይሰማታል።

«ምን ላውራህ?»

«የመጣልሽን።»

«ያለ ቢት አልችልበትም።»

«ይኸው እያወራሽኝ አይደል?» አላት። «ምሳ በላሽ?»

«አልበላሁም።»

«ምነው?»

ጨዋታ ልትፈጥር ፈለገች፤ እንደ ልማዷ መልሳ የምትወጋ፣ የምታስቅ ቃል ፈለገች። አልመጣላትም። የመጣላት እውነቱ ነበር።

«ብቻዬን መብላት ሰልችቶኝ» አለችው።

«እኔንም» አለ ናዖር። «እኔንም ሰልችቶኛል፣ ኦድያ።»

ኦድያ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያያት አለቀሰች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እሱም አልዘጋም።